ትሉና ጦሩ፤ የቅዱስ ያሬድ ትምህርት በስንክሳር እንደ ተጻፈ

የእግዚአብሔር ጥሪ ያለ ትምህርት ይፈጸማልን፣ ወይስ ትምህርት ለጥሪ መንገድ ይጠርጋል የሚለው ነገር በሊቃውንት ጉባኤም በከተማ ሰው ቤትም ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን ጸጋ ከላይ ከወረደ ፊደል መቍጠር ምን ይረባል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጅ ካልተገረፈ አይማርም፤ ካልተማረም ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም ይላል። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንዱን ማሕሌታዊ ቅዱስ ያሬድን መሆኑ ነው። ስለዚህ ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን ታሪኩን እንደ ቅኔ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መመርመር ይገባል።

ቅዱስ ያሬድ የነበረው በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን ነው። ስንክሳሩ ግን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ እየተጨመረበት የሰፋ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው ከአባቶች የተቀበለውን ነው እንጂ በዓይኑ ያየውን አልጻፈም። እንዲህም ከሆነ የጸሐፊው ብልሃት የሚታወቀው የተቀበለውን ነገር በምን ተራ እንዳስቀመጠው ነው።

ተራውም እንዲህ ነው። ያሬድ ከአክሱም ካህናት አንዱ ለሆነው ለአባ ጌዴዎን ዘመዱ ነበረ። ከእርሱም ዘንድ ዳዊት ሊማር ገባ፤ ቃሉ ግን አልያዝልህ አለው። መምህሩ መታው፤ አሳመመውም። ልጁም ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። በዚያ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ፣ ከመካከል ደርሶ ሲወድቅ፣ ደግሞም ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ ወድቆ በጭንቅ ሲወጣ አየ። በልቡም ተጸጽቶ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ለመነ፤ መምህሩም ተቀበለው። በልቅሶ ወደ እግዚአብሔር በተለመነ ጊዜ ልቡናው ተገለጠለት፤ መጻሕፍትን ተማረ፤ ዲቁናም ተሾመ። ሦስቱ አዕዋፍ ከኤዶም ገነት የተላኩለት፣ እርሱም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጸጋ ካለ ትምህርት አያሻም የሚለው ወገን መልሱን ከዚህ ተራ ያገኛል። ጸሐፊው ቢወድ አዕዋፉን ከዛፉ ሥር ባመጣቸው ነበር። ልጁ ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠበት ሰዓት ሰማያዊው ዜማ ቢወርድለት፣ ታሪኩ ሰሚውን ይበልጥ ባስደነቀ ነበር። ነገር ግን ያሬድ ከዛፉ ሥር ያገኘው ትል ነው እንጂ ወፍ አይደለም። ወፍ በክንፉ ይወጣል፤ ትል በደረቱ ይወጣል። መውጣትን በደረቱ ከሚሳበው ያልተማረ ሰው፣ በክንፉ ከሚበረው ጋር ሊወጣ አይችልም። ሰሙ ትሉ ነው፤ ወርቁ ተማሪው ነው። ጸሐፊውም ይህን በግልጥ ሳይናገር በተራው ብቻ ስላሳየው ሊመሰገን ይገባዋል።

ልጅ ያለ በትር አይማርም የሚለውም ወገን ንባቡን በማስተዋል ቢመለከተው ምስክሩ ይከዳዋል። በትሩ የሠራው ሥራ ልጁን ማሸሽ ነው፤ የመለሰው ትሉ ነው። ከተመለሰም በኋላ መምህሩ ተቀበለው ተብሎ ተጻፈ እንጂ ዳግመኛ መታው አልተባለም። እንግዲህ በዚያ ቤት የተማረው ያሬድ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ መምህሩም መቀበልን ተምሯል።

በዚህ ስፍራ ግን በጸሐፊው ላይ አንድ ነቀፋ አለ። የልጁን ሕመም በሁለት ቃል ብቻ አልፎታል። አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኑዛዜ ብሎ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕፃን ሳለ በትምህርት ቤት እንዳይመታ ወደ እግዚአብሔር ይለምን እንደ ነበረ፣ ትልልቆቹም፣ ወላጆቹ እንኳ ሳይቀሩ፣ በመመታቱ ይስቁበት እንደ ነበረ ይናገራል። ያ መጽሐፍ የልጅን ልብ ከውስጥ ይከፍታል፤ ስንክሳሩ ግን ከውጭ ቆሞ ያያል። ስለዚህ የስንክሳሩን ታሪክ የሰማ ብዙ መምህር መታው የሚለውን ቃል እንደ ትእዛዝ፣ ሸሸ የሚለውን ቃል እንደ ልጅ ስንፍና ቈጥሮታል።

ሆኖም ጸሐፊው በዚያ ያሳነሰውን በሌላ ስፍራ ክሶታል። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ገብረ መስቀል በዜማው ጣዕም ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ንጉሡም ማሕሌቱ እስኪፈጸም ድረስ አላወቁም። ይህን ተአምር ብሎ ብቻ የሚያልፍ አንባቢ ግማሹን ወርቅ ጥሎ ያልፋል። በመምህሩ በትር ሕመም ሸሽቶ የነበረው ያ ልጅ፣ አሁን ብረት እግሩን ሲወጋው አይሰማውም። የጠናው ሥጋው አይደለም፤ የሚወደውን ነገር ስላገኘ ነው። ትምህርት ከፍርሃት ወደ ፍቅር ሲደርስ ሕመም ሥልጣኑን ያጣል።

ፍጻሜውም ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። ንጉሡ ደንግጦ የምትሻውን ለምን ባለው ጊዜ፣ ያሬድ የለመነው ወደ ገዳም እንዲያሰናብተው ነው፤ ከዚያም በሰሜን በጸለምት ሕይወቱን በምናኔ ፈጸመ። በግዕዝ ገዳም ማለት ምድረ በዳም ማለት ነውና፣ መጀመሪያ ከትምህርት የሸሸበትን ምድረ በዳ በኋላ ለጸሎት ፈልጎ ሄደ። ስፍራው አንድ ሲሆን ሰውየው ሌላ ሆኖአል። ከዚህ የበለጠ ኅብር ያለው አነጋገር በታሪክ መጽሐፍ ብዙ አይገኝም።

በአንድ ቀን መጻሕፍትን ተማረ የሚለው ቃል ብቻ ብዙ ሰነፍ ተማሪ ተደግፎበታል። ነገር ግን ያ ቀን የሚቈጠረው ልቡናው ከተገለጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፈው የድካም ዘመን ከቍጥር አልወጣም። ደግሞም በስሙ የሚጠሩት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በአንድ ቀን የሚያዙ አይደሉም። ድጓን በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ለማስመስከር የሚሄድ ተማሪ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ቍራሽ ለምኖ ብዙ ዓመት ይደክማል። ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን ከሰማይ ሰማ የተባለለት ሰው ለደቀ መዛሙርቱ የተወላቸው ርስት የትሉን መንገድ ነው።

በአባቶች ቃል ሲነገር የኖረው ታሪክ ደግሞ አባቱ በሕፃንነቱ እንደ ሞተና እናቱ ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን እንደ ሰጠችው ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ ያሬድን ለጥሪው ያዘጋጁት ሦስት ናቸው፤ ልጅዋን ለትምህርት የሰጠች እናት፣ ወድቆ መነሣትን ያሳየች ትንሽ ፍጥረት፣ አንድ ጊዜ ሲመጣ ሁለተኛም ሲመለስ ደጁን የከፈተ መምህር። አዕዋፉን መላክ የእግዚአብሔር ፈንታ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ለሰው የተተዉ ናቸው። ዛሬም ልጁን ጧት ወደ ከተማው ትምህርት ቤት፣ ማታ ወደ የኔታ የሚልክ አባት፣ የሚያስተምርም ካህን፣ ልጁ ፈጥኖ ባይዝ ጥሪ የለውም ብለው አይፍረዱ። ከሸሸበት ሲመለስ ደጁ ተዘግቶ እንዳያገኘው ግን ይጠንቀቁ፤ አባ ጌዴዎን በዚያች ቀን ደጁን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባነበበች ነበር።