ምጣዱ ሲደክም

ብዙ ጊዜ የምጠራው ለኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በዓል በደረሰ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አንድ ጊዜ ታዲያ ከአንድ ግቢ ጀርባ ወዳለች ማድቤት ተጠራሁ። «እንጀራው ዐይን አላወጣ አለኝ፤ እስኪበስል ጠርዙ ይደርቃል» አሉኝ የቤቱ እመቤት። ያኔ ወጣት ነበርኩና መለኪያ ሳላወጣ ሸክላውን ገልብጬ «ሽቦው አርጅቷል» ብዬ ፈረድኩ። አዲስ ሽቦ በቦዩ ውስጥ አስተኝቼ፣ በጄሶ ደፍኜ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ተደወለልኝ። «የኔ ልጅ፣ ምጣዱ ያው ነው!»

ክላምፕ ሜትሩን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ 220 ቮልት ያሳያል። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ያልያዘ መስመር ሁሉ ደህና ይመስላል። ምጣዱን ሰክቼ ጠበቅሁ። ቮልቴጁ 200 ላይ ወርዶ ቆመ፣ ኮረንቲው 14.5 አምፔር ሆነ።

200 ለ14.5 ሲካፈል 13.8 ኦም ገደማ ነው። ይህ ሽቦ ሙሉ 220 ቮልት ቢያገኝ 16 አምፔር ስቦ 3,520 ዋት ይሰጣል፤ ይህም ለምጣድ ይበቃል፣ ስለዚህ ሽቦው ጤነኛ ነው። የቀድሞውም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ጥዬዋለሁ እንጂ። አሁን የሚሰጠው ግን 200 በ14.5 ሲባዛ 2,900 ዋት ብቻ ነው። «20 ቮልት ብትጎድል ምን አላት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮረንቲውንም ይዞት ስለሚወርድ፣ ጉልበቱ በሁለት በኩል ይሸረሸራል። 620 ዋት የጎደለው እንዲህ ነው።

ከቆጣሪው ጀምሬ መስመሩን ተከተልኩ። ጣሪያው ሥር በቴፕ የተጠቀለለ መቀጠያ አገኘሁ፤ ቴፑ ጠቁሮ ተጨማዷል። ግራና ቀኙን ብለካ 8 ቮልት። 8 በ14.5 ሲባዛ 116 ዋት! የመቶ ዋት አምፖል የሚበላውን ያህል ጉልበት፣ አውራ ጣት በምታህል ቋጠሮ ውስጥ፣ ያውም ደረቅ እንጨት ተደግፎ ይነዳል። የቀረውን 12 ቮልት ረጅሙና ቀጭኑ የመስመር ሽቦ ይበላዋል። መብራቱን አጥፍቼ መስመሩን ያለ መቀጠያ በወፍራም ሽቦ ቀየርኩት። መጀመሪያ የተቀበልኩት ሒሳብ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።

የባሰም አለ። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ቀሪውን መልሶ የሚያገናኝ ባለሙያ አለ። ከአስር እጅ አንዱ ከተቆረጠ 13.8 ኦም የነበረው ወደ 12.4 ይወርዳል፤ በ220 ቮልት 17.7 አምፔር ይስባል፣ 3,900 ዋት ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ «ምጣዱ ጎበዘ» ብሎ ይመርቃል። የ16 አምፔሩ ብሬከር ደጋግሞ ከወደቀ ደግሞ ብሬከሩ ይሰደብና በትልቅ ይቀየራል፤ የመስመሩ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ይግላል።

ምጣዳችሁ ከደከመ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያውን «ምጣዱ እንደበራ ቮልቴጁንና አምፔሩን ለካልኝ» በሉት። ሳይለካ ሸክላውን ሊገለብጥ ከጀመረ አስቁሙት።