ጥቁሩ የተለፋበት ነው፦ የመሐመድ ዑመር ኸሊል ኅትመቶች በተማሪ ዓይን

ከካርቱሙ የአርካዊት ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ዳርቻ የሚወጣ ሰው የቡሪን ሰፈር ያገኛል። አንጋፋው የኅትመት ሠዓሊ መሐመድ ዑመር ኸሊል እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱት እዚያ ነው። ሥራዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ አስተያየቱን ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ከጥቁሩ ብዛት ይጀምራል። ወዲያው ትርጓሜ ይከተላል፤ ስደት፣ ሐዘን፣ የራቀ አገር። ይህ ንባብ ችኩል ነው። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሳይጠይቅ ምን እንደሚል ይወስናል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ችኮላው ምክንያት አለው። ጀርመን ተወልዶ ብራዚልን አገሩ ያደረገው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ኅትመት አስተምሯል። ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ሠዓሊዎች የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። እንጨት ላይ መሮ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁሩ እጅ ያልደረሰበት፣ የተተወው ገጽ ነው። ዓይናችንም ጥቁሩን እንደ መደብ፣ ነጩን እንደ ሥራ ማየት ለመደ።

ኸሊል በሚሠሩበት የብረት ሳህን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሳህኑ አሲድ በማያሳልፍ ሽፋን ይቀባል፤ በመርፌ ይጫራል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነከራል። ቀለም የሚይዘው አሲዱ የበላው ጉድጓድ ነው። ሰፊ ጥላ ሲፈለግ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበትና በሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ አሲዱም በቅንጣቶቹ መካከል እየገባ ይቦረቡራል። ለግራጫ አጭር ንክር ይበቃል። ጥልቅ ጥቁር የሚገኘው ሳህኑ ረዘም ላለ ጊዜ፣ አንዳንዴም ደጋግሞ ሲነከር ነው። ስለዚህ በኸሊል ኅትመቶች ውስጥ አብዝቶ የጠቆረው ቦታ አብዝቶ የተለፋበት ነው። እርጥብ ወረቀት ከሳህኑ ጋር በማተሚያ ሲጨመቅ ቀለሙ ጎልቶ ይቀመጣል፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ጥቁሩ ውስጥ ደረጃ፣ ቅንጣት፣ የጨርቅ ፈትል የሚመስል ገጽታ ይገለጣል። ባዶ የመሰለው ቦታ ሙሉ ነበር።

የሕይወት ታሪካቸውም የሙያተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከካርቱም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በ1963 ለትምህርት ወደ ፍሎረንስ አቀኑ፤ በ1967 ኒው ዮርክ ገቡ። እዚያም ለአሜሪካውያኑ አርቲስቶች ለሉዊዝ ኔቨልሰንና ለሮማሬ ቢርደን ሥራዎች አታሚ ሆነዋል። የሌላውን ሰው ሳህን ማተም የራስን ስሜት አስቀምጦ ለቀለሙ፣ ለወረቀቱና ለጫናው መታዘዝን ይጠይቃል። ናፍቆት በሥራቸው ካለ፣ በእርግጥም ሊኖር ይችላል፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልፎ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የፈነዳው ጦርነት ነገሩን ሌላ ክብደት ሰጥቶታል። ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በየስቱዲዮውና በየቤቱ ጥለው ወጡ። ሸራ አንድ ነው፤ ከተቃጠለ አለቀ። ኅትመት ግን ከአንድ ሳህን በቁጥር ይወጣል፤ አንዱ ቅጂ ካርቱም ቢጠፋ ሌላው በሌላ ከተማ ሊተርፍ ይችላል። ለምሳሌ የዋሽንግተኑ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1994 የኸሊልን ኅትመቶች ከሌላው ሱዳናዊ ከአሚር ኑር ቅርጻ ቅርጾች ጋር አቅርቦ ነበር። ብዝኃ ቅጂ የገበያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ለሱዳን ዛሬ የመትረፍ ጉዳይም ነው።

ከጦርነቱ የሸሸው የአርካዊት ተማሪ ግን ካይሮ፣ ፖርት ሱዳን ወይም አዲስ አበባ ተበትኖ፣ ኸሊልን የሚያገኘው በአብዛኛው በስልክ መስታወት ላይ ነው። እዚያ ጥቁሩ ወጥ ይሆናል፤ የቀለሙ ጉብታ፣ የሳህኑ ጠርዝ በወረቀቱ ላይ የተወው ስርጉድ ይጠፋል፤ ያ ችኩል ንባብም ይበረታል። ባሂያ ያስተማረበት የዛሬው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የእነዚህን ኅትመቶች ጥቂት ቅጂዎች፣ ከተገኙም በየደረጃው ከወጡ የሙከራ ኅትመቶች ጋር፣ በውሰት አስመጥቶ ከሐንሰን ባሂያ ተማሪዎች የእንጨት ሥራዎች ጎን ቢሰቅል፣ ኢትዮጵያዊውም ሱዳናዊውም ተማሪ ሁለቱን ጥቁሮች በአንድ አዳራሽ ማመሳከር ይችል ነበር።