ነፍሳት ነፍስ አላቸው

የቪዲዮ ጌም ሒስ እጽፋለሁ ስል ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፊት ለፊት ያገኙትን ሁሉ እየመቱ ማለፍ ምኑ ይተቻል?» ጥያቄው ንቀት ቢኖርበትም መሠረት የሌለው አይደለም። አብዛኛው የፍልሚያ ጌም ጠላትን የሚፈጥረው እንዲወድቅ ብቻ ነው። ስም የለውም፣ ትናንት የለውም፤ ሲሞት ሳንቲም ይጥላል፣ ለቅመን እናልፋለን። ሆሎው ናይትም ላይ ላዩን ሲያዩት እንዲሁ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለስበት ይህንኑ ጥያቄ መልሶ ስለሚጠይቀን ነው፤ ያውም መሣሪያችንን እንደያዝን።

በመጀመሪያ ስለ ሠሪዎቹ። ቲም ቼሪ በአውስትራሊያዋ አዴሌድ ከተማ የተመሠረተ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ቡድን ነው። አሪ ጊብሰንና ዊሊያም ፔለን በ2014 እ.ኤ.አ. በኪክስታርተር በኩል ሕዝቡን 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጠይቀው ከ57,000 በላይ አገኙ። ጌሙ በ2017 ወጣ። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ሚዛን ይህ የምሳ ገንዘብ ነው። በእጅ የተሣለውን ዓለም ያየ፣ የክሪስቶፈር ላርኪንን ሙዚቃ የሰማ ሰው ግን የገንዘብ እጥረት አይታየውም።

ታሪኩ የሚካሄደው ሃሎውነስት በተባለ፣ ከመሬት በታች በሚገኝ የነፍሳት መንግሥት ውስጥ ነው። መንግሥቱ ወድቋል። ነዋሪዎቹ በአንድ ደዌ ተይዘው አእምሯቸውን ስተዋል፤ ዓይናቸው ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፣ ያገኙትን ያጠቃሉ። የምንመራው ገጸ ባሕርይ ነጭ ፊት፣ ሁለት ቀንድና ሁለት ጥቁር የዓይን ጉድጓድ ያለው ትንሽ ፍጥረት ነው። አፍ የለውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይናገርም። ሰይፉም ሚስማር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለጌሙ የቀረበ ቃል አለው። «ነፍሳት» ስንል ጥንዚዛውንና ጉንዳኑን ማለታችን ነው፤ ቃሉ የነፍስም ብዙ ቁጥር ነው። በጌሙ ውስጥ ጠላትን በመታን ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ያለ ማሰሮ በነጭ ፈሳሽ ይሞላል። የፈሳሹ ስም «ነፍስ» ነው። ቁስላችንን የምንፈውሰው በዚሁ ነው፤ ለዚያውም ለአፍታ ባለንበት ቆመን፣ ራሳችንን ለጥቃት አጋልጠን። የእኛ መዳን ከሌላው ነፍስ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ይህን ጌሙ አይሰብከንም፤ ጣታችን ሺህ ጊዜ እንዲሠራው ያደርጋል እንጂ።

ሥዕሉም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ደብዘዝ ያለ ቀለም አለው፤ ግሪንፓዝ አረንጓዴ ነው፣ ዝናብ የማይለየው «የእንባ ከተማ» ሰማያዊ ነው። ብርቱካናማው የደዌው ነው። በጉዟችን መጀመሪያ የምናልፍበትን የመስቀለኛ መንገድ አካባቢ ጥግ ጥጉን ለምደነዋል፤ ቆይተን ስንመለስ ያው መንገድ በብርቱካናማ እባጭ ተውጦ እናገኘዋለን። ማንም አላስጠነቀቀንም፣ ማንም አያብራራልንም። የምንደነግጠው ቦታውን ስለምናውቀው ነው። ያወቅነው ደግሞ በቀላሉ አይደለም። ወደ አዲስ አካባቢ የምንገባው ካርታ ሳይኖረን ነው፤ ኮርኒፈር የተባለውን ካርታ ሠሪ በማንጎራጎሩና በበተናቸው ወረቀቶች ዱካ ፈልገን ካርታ እንገዛለን። የምንገዛውም ካርታ ያልተጨረሰ ነው። የቀረውን በብዕራችን የምናሟላው አግዳሚ ወንበር አግኝተን ስንቀመጥ ነው። እንዲህ ለፍተን ያወቅነው ቦታ ሲበላሽ ደግሞ የራሳችን ነገር እንደተበላሸ ይሰማናል።

በዚያው አካባቢ ማይላ የምትባል ማዕድን ቆፋሪ አለች። መጀመሪያ ስናገኛት እየዘፈነች ትቆፍራለች፤ ታጫውተናለች። ሌላ ቀን ስንመለስ ንግግሯ ተምታቷል። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የለም፣ ዓይኗ ብርቱካናማ ነው። አሁን እሷም «ጠላት» ናት። መምታት ይቻላል፣ ማለፍም ይቻላል። እስከዚያ ድረስ የገደልናቸው ቆፋሪዎች በሙሉ እኮ አንድ ጊዜ ማይላ ነበሩ! ጌሙ ይህን አይነግረንም። ቆየት ብሎ ግን «የሕልም ሚስማር» የሚባል መሣሪያ ይሰጠናል፤ የተመታው አይጎዳም፣ ሐሳቡ ይነበባል። ደዌው የበላውን ፍጡር እንኳ ብንመታበት ቁርጥራጭ ሐሳብ ይወጣል። እጃችን ላይ ሁለት ሚስማር አለ፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያዳምጣል። የትኛውን ቀድመን እንደምንመዝ የኛ ፈንታ ነው።

ጌሙን ያልጨረሰ ሰው ቀጣዩን አንቀጽ ቢዘለው ይሻላል። የአገሪቱ ገርጣ ንጉሥ ደዌውን ለማሰር የፈለገው አእምሮም ፈቃድም ድምፅም የሌለው፣ ፍጹም ባዶ የሆነ ፍጡር ነበር። ለዚህ ሲል የራሱን ልጆች ሠራ፤ ያልሆኑለትንም ጥልቁ ውስጥ ጣላቸው፣ የፊታቸው ቅርፊት እስከ ዛሬ እዚያ ተከምሯል። የመረጠው ግን ባዶ አልነበረም። ጌሙ እጅግ ከባድ በሆነ ስውር መንገድ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ትዝታ ደብቋል፤ ንጉሡና ልጁ ጎን ለጎን ቆመው ይተያያሉ፣ በቃ። መንግሥቱ የወደቀው በዚያች መተያየት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻው ፍልሚያ ይኸው ልጅ አድጎ፣ ታስሮ፣ በደዌው ተይዞ ከፊታችን ይቆማል። እየተዋጋን ሳለ ሚስማሩን አዙሮ ራሱን ይወጋል። በፍልሚያ ጌም ውስጥ ጠላት ሞቱን እንዲህ ሲያግዘን ሌላ ቦታ አላየሁም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እውነተኛው ፍጻሜ በጣም ተደብቋል፤ ብዙ ተጫዋች ካለ መሪ አይደርስበትም፣ ሳያውቀው ግማሽ ታሪክ ይዞ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በ2018 በነጻ የተጨመረው ጎድማስተር የተባለው ክፍል ነው። እዚያ ዋና ዋናዎቹ ባላጋራዎች ከየቤታቸው ተነቅለው በወርቃማ አደባባይ ላይ ይሰለፋሉ፤ በመጨረሻው ዙር 42 ናቸው። ለቅልጥፍና መለኪያ ድንቅ ነው፣ አልክድም። ግን ባላጋራው ቦታውን ሲያጣ ትናንቱንም ያጣል፤ ተመልሶ የሚወድቅ ነገር ብቻ ይሆናል። ጌሙ ሲሟገተው የነበረውን ነገር እዚህ ላይ ራሱ ረታለት።

ኳረል የተባለውን መንገደኛ ለማላውቀው ተጫዋች ሁሉ አደራ እላለሁ። በየቦታው ይገጥመናል፤ ትሑት ነው፣ ባየው ሁሉ ይገረማል። በመጨረሻ በአንድ ሰማያዊ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ እናገኘዋለን። አብሮት መቀመጥ ይቻላል። ሌላ ጊዜ ስንመለስ እሱ የለም፤ ሚስማሩ ብቻ መሬት ላይ ተተክሏል። ምን ሆነ? ጌሙ አይናገርም። ካርታውን ገልጦ ያየ ሰው ግን ሐይቁ ከእንባ ከተማ በላይ መሆኑን ያያል፤ ከታች ያለማቋረጥ የሚዘንበውም ከዚያ ነው።