በላባው የተጠራ ወፍ

በሜክሲኮ የነበሩት አዝቴኮች ኬትሳሊ ሲሉ ወፉን ማለታቸው አልነበረም፤ ላባውን ነው። በቋንቋቸው በናዋትል ኬትሳ ማለት ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ኬትሳሊ ደግሞ ሲያቆሙት የሚቆመው፣ ረጅሙ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ላባ። ወፉን ራሱን መጥራት ሲፈልጉ «ኬትሳልቶቶትል» ይላሉ፤ ቶቶትል ወፍ ነውና «የኬትሳሊው ወፍ» እንደማለት። እኛ ጥርኝን በዝባዷ አልጠራናትም፤ እንስሳዋም ሽቶውም የየራሳቸው ስም አላቸው። እዚያ ግን ስሙ ከባለሙያ መደብ ተነስቶ ጫካ የገባ ይመስላል። ውሎ አድሮ ቃሉ «ውድ፣ ክቡር» የሚለውንም ትርጉም ያዘ። ጓቲማላ ደግሞ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘቧን በወፉ ስም ኬትሳል ብላ ትጠራለች።

ወፉ የሚኖረው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ጉም የማይለየው ደጋ ጫካ ነው። ደረቱ ከታች ቀይ፣ ጀርባው አረንጓዴ። የወንዱ ጅራት የሚመስለን ነገር ጅራት አይደለም፤ ከጅራቱ በላይ በቅሎ፣ እውነተኛውን አጭር ጅራት ሸፍኖ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚወርድ ላባ ነው። አረንጓዴውም የተቀባ ቀለም አይደለም። በላባው ውስጥ የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ ንጣፎች ብርሃኑን ሲመልሱት የሚታይ ነው። ዘንበል ሲያደርጉት ወርቅማ ይሆናል፤ መለስ ሲያደርጉት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ላባ ቆርጦ መለጠፍ፣ በእጅ ላይ ቀለሙን የሚቀያይር ክር እንደመሸመን ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት አማንቴካ ይባሉ ነበር፤ ስማቸውም ከሰፈራቸው ከአማንትላን የመጣ ነው። በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የተባለ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠራራቸውን ጠይቆ ጽፎታል። ከቃጫ ዘመድ በሆነው በማጌይ ቅጠል ላይ ጥጥ በሙጫ ስስ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ሲደርቅ ተልጦ ይነሳል። ሙጫውን የሚያዘጋጁት ልጆች ነበሩ። ከዚያ ንድፉ ይወጣና ላባ መለጠፍ ይጀመራል።

እኔን የሚገርመኝ ይኼኛው ነው፦ መጀመሪያ የሚለጠፈው ውዱ ላባ አይደለም። ቀለም የተነከረ ተራ ላባ ከስር ይነጠፋል፤ ኬትሳሊውና ሌላው የከበረ ላባ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። የከበረው ላባ ስስ ነውና የስሩን ቀለም ያሳልፋል። ልብስ ሰፊ ቢሆን ገበር ይለው ነበር፤ ልዩነቱ ይህ ገበር ከውስጥ ሆኖ ከላይ መታየቱ ነው። ገበሩ ከተበላሸ ላዩም ይደበዝዛል። ተመልካች ግን የሚያደንቀው ላዩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ መለጠፍ ሳይሆን ማሰር ነበር። በቪየና ከተማ ባለ ሙዚየም ውስጥ የሚገኘው ትልቁ የላባ አክሊል በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ቁመቱ 116፣ ስፋቱ 175 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 450 ያህል የኬትሳል ላባ አለበት። ከአንድ ወንድ ቢበዛ አራት ያህል ረጃጅም ላባ ይገኛል ብንል እንኳ ከመቶ በላይ ወፍ አዋጥቶበታል። ላባዎቹ በቃጫ መረብ ላይ አንድ በአንድ ተቋጥረዋል። ፊት ለፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው ቋጠሮ አይታየውም፤ የሚታየው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አረንጓዴ፣ በግማሽ ክብ የሚዞሩ የሰማያዊ፣ የቀይና የቡናማ ላባ ቀበቶዎች፣ በመካከላቸውም በመስመር የተሰፉ ጥቃቅን የወርቅ ቅጠሎች ናቸው። የወርቆቹ ብዛት ከሺህ ይበልጣል።

የአዝቴኮች ንጉሥ የሞንቴዙማ አክሊል ነው ይባላል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በ1596 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የኦስትሪያ መስፍን የንብረት መዝገብ «የሙሮች ባርኔጣ»፣ ማለትም የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች፣ ብሎ መዝግቦታል፤ ሠሪው ቀርቶ አገሩ እንኳ ጠፍቶ ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. ሲጠገን የጎደለው ወርቅ በወርቅ በተቀባ ናስ ተተካ። ሜክሲኮ ይመለስልኝ ብትልም፣ የመረመሩት ባለሙያዎች የጉዞ ንዝረት ላባውን ይሰባብረዋል አሉ። አሁን መስታወት ውስጥ ጋደም ብሎ ተቀምጧል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ተብሎ የተሰየመው ላባ።