የሮዛ ውሸት

«እንባ መጭመቂያ» ተብሎ የተናቀ ፊልም ላሞግስ ነው፤ ታገሡኝ። ራፋኤሎ ማታራዞ በ1949 እ.ኤ.አ. የሠራው «ካቴኔ» ይባላል፤ «ሰንሰለት» ማለት ነው። በዘመኑ ብዙዎቹ የጣሊያን ሐያስያን ልባቸው እንደ «የብስክሌት ሌቦች» ካሉት ፊልሞች ጋር ስለነበር ለዚህኛው ፊት ነሱት። ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቱን አጨናንቆ አለቀሰ።

ምን አስለቀሰው? ታሪኩ ኔፕልስ ውስጥ ነው። ጉልየልሞ መካኒክ ነው፤ ሮዛ ሚስቱና የልጆቹ እናት። የድሮ እጮኛዋ ኤሚሊዮ በተሰረቀ መኪና ሰበብ ጋራዡ ደጃፍ ከች ይላል። «አብረን እንጥፋ» እያለ መግቢያ መውጫ ያሳጣታል። ባል ይደርስና ይገድለዋል፤ አሜሪካ ይሸሻል፤ ተይዞ ይመለሳል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው ሮዛን «ባልሽን የምታድኚው ከሟቹ ጋር ወስልቻለሁ ካልሽ ብቻ ነው» ይላታል። ንጹሕ ሚስት ካለችው ገዳይ ነው፤ ወስላታ ሚስት ካለችው ግን ክብሩ የተነካ ወንድ ነው! ይህ የደራሲ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የ1930ው የጣሊያን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 587 ሚስቱን ከሌላ ጋር ደርሶባት በንዴት የገደለን ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት እስራት ይበቃዋል ይል ነበር። ተራ ነፍሰ ገዳይ ግን ቢያንስ 21 ዓመት ይጠብቀዋል። አንቀጹ የተሻረው በ1981 ነው።

ሮዛም ፍርድ ቤት ቆማ ያላደረገችውን «አድርጌያለሁ» ትላለች። ባል ነጻ ይወጣል፤ እሷ ስሟን ታጣለች። አዳራሹ ሙሉ ያለቀሰው ለዚህ ከሆነ፣ እንባው ርካሽ ነው የሚል ሐያሲ ከኔ ጋር አይስማማም። ሕግ አዋቂው በአንቀጽ የሸፈነውን ነውር ይህ ፊልም በአንዲት ሴት ፊት ላይ አሳይቷል፤ ኢቮን ሳንሰንም ያንን ፊት ይዛ በደንብ ተጫውታዋለች።

ግን ማታራዞንም አልምረውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ መጨረሻ ላይ ጠበቃው እውነቱን ይነግረዋል፤ ባል ሮጦ ሚስቱን ያቅፋል፤ ቤቱ ይቃናል። ይቅርታው የመጣው ንጽሕናዋ ስለተረጋገጠ ነው። እውነት ወስልታ ቢሆንስ ኖሮ? ፊልሙ ይህን ሊጠይቅ አልደፈረም። የሞተውንም ሰው ደም የሚያነሣ የለም። ባልየው ከእስር ተፈታ፤ ሰንሰለቱ ግን እሷው ላይ ቀረ።