የአጠና ተራዋ አጭር መልእክት

ኮልፌ አጠና ተራ ውስጥ ገዢው ‹‹ልኬያለሁ›› ብሎ የስልኩን ስክሪን ቢያሳይ ነጋዴው በዚያ አይረካም። ‹‹የእኔ ይግባና›› ይላል። ማገሩና ቋሚው አይሱዙው ላይ የሚጫነው በራሱ ስልክ መልእክት ሲገባ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ሰው ደረሰኝ ማለት ይህች መልእክት ናት። እኔ የምወድላት ትሕትናዋን ነው፤ ኢንተርኔት አትጠይቅም፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ትነበባለች።

የአጭር መልእክትን ዋጋ ያወቅነው ግን ከቴሌብር በፊት፣ ስናጣት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግታ የተመለሰችው በ2000 መባቻ ነበር።

ፊደላችንን ግን ትበድላለች። አንድ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ 70 ብቻ ይይዛል። ደግነቱ በላቲን አምስት ሆሄ የሚፈጀው ‹‹ሰላም›› በእኛ ሦስት ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል አይከፋም። የቀድሞ ስልኮች ግዕዝ ስላልነበራቸው የመጣው በላቲን የመጻፍ ልማድ ግን፣ ኪቦርዱ ከመጣም በኋላ አልለቀቀንም። ይህን አልወደውም። የምወደው ሌላ ነገር ነው፦ ታናሽ ለታላቁ ሲጽፍ ሌላውን ሁሉ ያሳጥራል እንጂ ‹‹ጋሼ››ን አይቆርጥም።