ስድስት ሣጥን፣ አንድ ድምፅ
(በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ የኮምፒዩተር ሰራውንድ ድምፅ ማጉያ ሲመዘን)

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለድምፅ ማጉያ ነጋዴ ጥሩ ማስታወቂያ በሆነ ነበር። በአንድ ካርቶን ስድስት ሣጥኖች ታሽገው ይቀርባሉ፤ አምስቱ አድማጩን ከብበው፣ ስድስተኛው ወለል ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዳቸው ትንንሾች ቢሆኑም ተባብረው የሲኒማ አዳራሹን ግርማ ወደ ቤት ያመጣሉ ይባላል። ገዢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃው ባይጥመው በዓመቱ ሌላ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ መመዘን የቴክኒክ ወዳጆች ወሬ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ዘፈኑን፣ መዝሙሩንና ፊልሙን በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ የሚወሰነው በዚህች የአንድ ቀን ግዢ ነውና።

ለዚህ ምዘና ተስማሚ ምሳሌ የሚሆነው ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ ዜድ 506 ብሎ የሰየመው፣ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ ዓመታት በብዙ አገር የተሸጠው ስብስብ ነው። ወደ 100 የአሜሪካ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለገበያ የቀረበ በመሆኑ ከሰራውንድ ዕቃዎች መካከል የጀማሪዎቹ መደብ ውስጥ ይገባል። አምራቹ እንደሚገልጸው ጠቅላላ የማያቋርጥ ኃይሉ 75 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 27 ዋቱ ለሳብዉፈሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው ትልቁ ሣጥን ይሰጣል፤ 16 ዋቱ መካከል ላይ ለሚቀመጠው ይደርሳል፤ ቀሪው 32 ዋት ለፊትና ለኋላዎቹ አራት ሣጥኖች ስምንት ስምንት ዋት ሆኖ ይከፋፈላል። 150 ዋት የሚለው ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ስለሆነ ለገዢው ብዙም አይጠቅመውም።

እዚህ ላይ ስለ ዋት አንድ ነገር መባል አለበት። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አስር እጥፍ ያህል ማደግ ይኖርበታል። ስለዚህ የ8 ዋት ሣጥን ጆሮ ሲሰማው የ16 ዋቱ ግማሽ አይደለም፤ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ለመኝታ ቤት ወይም ለአነስተኛ ሳሎን ስምንት ዋት ይበቃል። የእነዚህ ሣጥኖች ድክመት ከተፈለገ የሚገኘው ከጩኸታቸው ማነስ ይልቅ ከመጠናቸው ማነስ ላይ ነው። ድምፅ የምታወጣው ክብ ከቡና ሲኒ አፍ ብዙም አትሰፋም፤ ከእርሷ የሚጠበቀው ግን የሰው ድምፅ ሙሉው ነው።

የሲኒማው ውርስ

ዙሪያ ገጠም ድምፅ የተወለደው ከሲኒማ ነው። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 «ፋንታዢያ» የተባለውን ፊልሙን ሲያሳይ ሙዚቃው በአዳራሹ ውስጥ እንዲዘዋወር የሚያደርግ ልዩ ሥርዓት አዘጋጅቶ ነበር። በ1979 የታየው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው» ሲጀምር ሄሊኮፕተሩ ተመልካቹን እየዞረ ሲያልፍ ይሰማል። የድምፁን ሥራ የመራው ዋልተር መርች ነበር፤ ፊልሙም በድምፅ ዘርፍ ኦስካር አግኝቶበታል። በ1992 ደግሞ «ባትማን ሪተርንስ» ዶልቢ ዲጂታል በተባለው ዘዴ ስድስት የተለያዩ የድምፅ መስመሮችን ይዞ ለሕዝብ ቀረበ። ያው ዘዴ ከዲቪዲ ጋር ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ኮምፒዩተሩም ዲቪዲ ማጫወት ሲጀምር የስድስቱ ሣጥኖች ገበያ ተከፈተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለግምገማው የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው። እንዲህ ባሉ ፊልሞች የትኛው ድምፅ ከየትኛው አቅጣጫ ይምጣ ብሎ የወሰነው የፊልሙ ሠሪ ራሱ ነው። የተዋናዮቹ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ለመካከለኛው መስመር ይሰጣል፤ ዝናቡ፣ የሕዝቡ ሁካታ፣ የሚያልፈው መኪና ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይመደባል። ስድስቱ ሣጥኖች በየቦታቸው ሲኖሩ የተሰጣቸውን አደራ ያደርሳሉ እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥሩም።

በዚህ ሚዛን ዜድ 506 የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራል። ለመካከለኛው ሣጥን የሌሎቹን እጥፍ ኃይል መስጠቱ ብልህ ውሳኔ ነው። ፊልም ሲያይ ንግግሩ አልሰማ ብሎት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ፣ ፍንዳታው ሲመጣ ደግሞ ደንግጦ ወደ መቀነሻው የሚሮጥ ተመልካች ንግግሩ የራሱ ሣጥን ሲያገኝ እፎይ ይላል። የኋላዎቹ ሣጥኖች ዝናቡን ከጀርባ ሲያዘንቡ ትንሿ ክፍል በእውነት የሰፋች ትመስላለች። ሳብዉፈሩ የፍንዳታ ዓይነቶችን ሁሉ በአንድ ዓይነት «ጉም» ይመልሳቸዋል፤ የመድፉና የነጎድጓዱ ልዩነት በእርሱ ዘንድ ጠባብ ነው። ቢሆንም የወፍራሙ ድምፅ መቆጣጠሪያ ሳብዉፈሩ ላይ ስላለ ጎረቤትን ሳያስቀይሙ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በገናው የሚመሰክረው

ጉዳዩ ወደ ሙዚቃ ሲዞር ግን ፍርዱ ይለወጣል። በዚህ አካባቢ በየቤቱ የሚደመጠው ሙዚቃ ማለት ይቻላል ሁሉም የተቀዳው በአንድ ወይም በሁለት መስመር ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎችም ሆኑ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ ያወጣቸው አልበሞች ለስድስት ሣጥን አልተሰናዱም። ዛሬ ከኢንተርኔት የሚደመጡት ዘፈኖችም በብዛት ባለ ሁለት መስመር ናቸው።

አምራቹ ይህን ስለሚያውቅ ሁለቱን መስመር ወደ ሁሉም ሣጥኖች የሚያዳርስ ዘዴ አክሎበታል። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውጤቱ ደስ ያሰኛል፤ ቤቱ በሙዚቃ ይሞላል። ለልደትና ለሠርግ መልስ፣ እንግዳ ቆሞ በሚጨዋወትበት ዝግጅት፣ ሙላቱ ራሱ በቂ ነው። ተቀምጦ ለሚያደምጥ ሰው ግን ጥያቄ ይነሣል። ዘፋኙ የቆመው የት ነው? ሳክስፎኑ ከፊት ተሰምቶ ወዲያው ከጀርባ የሚመልሰው ማን ነው? ያው ድምፅ ከአምስት ቦታ በተለያየ ጊዜ ጆሮ ሲደርስ ቀጂው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ቦታ ይደበዝዛል። ከአንድ ሰዓት በኋላም አድማጩ ምክንያቱን ሳያውቅ ይደክመዋል።

እውነተኛው ፈተና በገና ነው። አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ክር ሥር በተሸጎጠችው ቁራጭ ቆዳ የተነሣ አንድ ክር ሲመታ ሁለት ነገር በአንድነት ያሰማል፤ ከታች ጥልቅና ወፍራም ቃና፣ ከላይ ደግሞ የንብ መንጋ የሚመስል እዝታ። የበገናው ሞገስ ሁለቱ ከአንድ ክር፣ ከአንድ ቦታ መውጣታቸው ነው። የዓለሙ አጋን የበገና ቅጂ፣ የ«ኢትዮፒክስ» 11ኛ ቅጽ ሆኖ የቀረበውን፣ በዚህ ስብስብ ለሚሰማ ሰው መሣሪያው ለሁለት ይከፈልበታል። እዝታው ከጠረጴዛ በላይ ካሉት ትንንሽ ሣጥኖች ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጥልቁ ቃና ከጠረጴዛ ሥር ያጉረመርማል፤ በመካከላቸው ያለው ሙቀት፣ እንጨቱንና ቆዳውን የሚያሳስበው ክፍል፣ ይሳሳል።

ምክንያቱ ከተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው። ጆሮ ከ80 ኸርዝ ግድም በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል፤ በዚህም ሳብዉፈር የትም ቢቀመጥ ግድ የለም ይባላል። ነገር ግን የሲኒ አፍ የምታህል ድምፅ ማውጫ ወደዚያ ጥልቀት በብርታት መውረድ አትችልም፤ ስለዚህ ሳብዉፈሩ ከዚያ በላይ ያለውንም ድምፅ እንዲሸከም ይገደዳል። በንግግር ጊዜ የአዋቂ ወንድ መሠረታዊ ቃና በአብዛኛው ከ85 እስከ 180 ኸርዝ መካከል ያርፋል። እንግዲህ የሰውዬው ድምፅ ግማሹ ከጠረጴዛ ሥር፣ ግማሹ ከጠረጴዛ በላይ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ለአማርኛ ዘፈን አድማጭ ቀላል አይደለም። የአማርኛ ዘፈን ለቃሉ የሚደመጥ ነው፤ ሰሙን አልፎ ወርቁን የሚፈልግ ጆሮ አንዲት ፊደል ብታመልጠው ምሥጢሩ ያመልጠዋል። «አለ» ጠብቆ ሲነበብና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ ሌላ ነው። በዚህ ረገድ ለስብስቡ ፍትሕ መስጠት ይገባል፦ የ«ጠ»ን፣ የ«ቀ»ን፣ የ«ጨ»ን ፍንዳታ ትንንሾቹ ሣጥኖች አይውጡትም፤ ቃሉ በግልጽ ይሰማል። የሚጎድለው ሰውዬው ነው። ድምፁ ደረት ያጣል፤ አዝማሪው በስልክ የሚዘፍን ይመስላል።

በተቀራራቢ ዋጋ የሚሸጥ ባለ ሁለት ሣጥን ዕቃ አጠገቡ ቢቀመጥ ልዩነቱ ይገለጣል። ለምሳሌ ኤዲፋየር አር 1280 ቲ የተባለው ጠቅላላ ኃይሉ 42 ዋት ብቻ ነው፤ በቁጥር ሲታይ ከዜድ 506 ያንሳል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አራት ኢንች የሆነ ድምፅ ማውጫና ለቀጭኑ ድምፅ የሚያገለግል ሌላ ትንሽ ማውጫ አለው። ገንዘቡ ለስድስት መከፈሉ ቀርቶ ለሁለት ስለተከፈለ፣ እያንዳንዱ ሣጥን የሰውን ድምፅ ብቻውን ሊሸከም የሚችል አካል አግኝቷል። ዝናቡን ከጀርባ አያዘንብም፤ ዘፋኙን ግን ፊት ለፊት ያቆመዋል።

የክፍሉ ግድግዳ

የስድስቱ ሣጥኖች ሌላ ዳኛ ክፍሉ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት የፊቶቹ ሣጥኖች ከአድማጩ ግራና ቀኝ በ30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ማዕዘን መቀመጥ አለባቸው፤ ማለትም ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ። በአብዛኛው ቤት ግን ኮምፒዩተሩ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ከወንበሩ ጀርባ በር ወይም አልጋ አለ። ሽቦውን በምንጣፍ ሥር የሚያሳልፍ፣ ሣጥኑን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ካልተገኘ፣ የኋላዎቹ ሣጥኖች ከፊቶቹ ጎን ቡፌ ላይ ይደረደራሉ። ያን ጊዜ ገዢው የከፈለበት ዙሪያ ገጠም ድምፅ የለም፤ ያለው አምስት ትንንሽ ሣጥን በአንድ ረድፍ ነው።

ኮምፒዩተሩም የራሱ ድርሻ አለው። ስድስቱ መስመሮች ተለያይተው እንዲደርሱ በሳውንድ ካርዱ ላይ ሦስት መሰኪያዎች ያስፈልጋሉ፦ አረንጓዴው ለፊት፣ ጥቁሩ ለኋላ፣ ብርቱካናማው ለመካከለኛውና ለሳብዉፈሩ። ይህ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ግን ያላቸው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከኮምፒዩተሩ ውጭ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ካልተገዛ በቀር ባለ ስድስት መስመሩ ፊልም ራሱ በሁለት መስመር ይደርሳል።

ዕቃው ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ 220 ቮልት ባለበት አገር ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ስጦታው በዚያው ቀን ሊቃጠል ይችላል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማል፤ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ሊለይ ይችላል። በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

በጠቅላላው ሲመዘን ዜድ 506ም ሆነ የመደቡ ጓደኞች አታላይ ዕቃዎች አይደሉም። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላለው፣ የኋላ ሣጥኖቹን የሚያኖርበት ቦታ ለማያጣ፣ በአብዛኛው ፊልም ለሚያይና የኮምፒዩተር ጨዋታ ለሚጫወት ወጣት የገንዘቡን ዋጋ ይመልሱለታል። ላፕቶፕ ላለው፣ ክፍሉ ጠባብ ለሆነበት፣ ከሥራ መልስ አምፖሉን ቀንሶ የጥንት ዘፈን ወይም በገና ለሚያደምጥ ግን፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት ጥሩ ሣጥን መግዛት ይሻለዋል።

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያስደምጠው ፍንዳታና የመኪና ግጭት ነው፤ በእነዚህ የማይፈተን ዕቃ ስለሌለ ሁሉም ያልፋል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የሚያውቀውን ሰው ድምፅ፣ ለዓመታት የሰማውን አንድ ዘፈን፣ አስከፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያድምጥ። ዘፋኙ ከአንድ ቦታ፣ በሙሉ ደረቱ ከተሰማው ዕቃው ለቤቱ ይሆናል።